እትዬ ሸዋረገጥ ሲነሱ

የትም ከተማ ሂዱ፣ በስብሰባ የሚያስፈራው ተናጋሪው ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ሴት ናት። የእኛዋ የሊሙ ገነቷ ክብርት እትዬ ሸዋረገጥ ናቸው።

በማኅበራችን መጋዘን ብልሹውን ቡና ከደህናው የሚለዩ የአርባ ሴቶች አለቃ ናቸው። ሰላም ሲሏቸው «እህ» ይላሉ። ዋጋ ሲጠሩላቸውም «እህ» ነው። ከሰኮሩ ሽንኩርት የሚያመጣው ጣሪቅ ከዚያች «እህ» በኋላ ብቻውን ተከራክሮ ብቻውን ይቀንሳል። «ወላሂ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ብሎኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። የዛሬ ሦስት ዓመት በስብሰባ ተነስተው ለሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ይሠራ ብለው ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ቃለ ጉባኤው ግን «ወይዘሮ ሸዋረገጥ ለአመራሩ ምስጋና አቅርበዋል» ይላል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሲነበብላቸው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ቃል አልተነፈሱም።

ባለፈው ጥቅምት ሊቀመንበራችን አቶ ጣሰው ሴቶቹ የሚሠሩበትን ዳስ የእንግዳ መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ፈለጉ። ሴቶቹ ሜዳ ላይ ሊወጡ ነው፤ የሊሙን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«ተቃውሞ ያለው ይናገር፤ ዝም ያለ ተስማምቷል!» አሉ አቶ ጣሰው።

እትዬ ሸዋረገጥ ተነስተው ቆሙ።

«እሺ፣ ይናገሩ።»

ዝም።

«ከተስማሙ ይቀመጡ እንጂ!»

አልተቀመጡም። አጠገባቸው የነበረችው ከድጃ ተነሳች። ቀስ በቀስ አርባውም ቆሙ።

አቶ ጣሰው ስለ ልማት አስረዱ፤ ተቆጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ «ማሎ እትዬ፣ አንድ ቃል!» ብለው ለመኑ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «መኪናው ውጭ ቢቆምስ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ፤ «ምንም አይሆንም» ብለው የመለሱትም ራሳቸው ናቸው። ያኔ ሴቶቹ ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲያበቃ ደብተሬን ይዤ እትዬ ሸዋረገጥ ጋ ሄድኩ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያየኸውን።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ «ሴቶቹ ባለመስማማታቸው ዳሱ የእነሱ ሆኖ ቀጥሏል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ጣሰው አነበቡና ብዕር አቀበሉኝ። «ይሄን ሰርዝና በአመራሩ መልካም ፈቃድ በለው።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ቆምኩ። ዝም አልኩ።