ለሥራ አጥነት ሦስት ምስክር

የእኛን ሰፈር ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጓዳ ለጓዳ ሲያማችሁ ይውልና፣ ማኅተም የተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ቅዱስ ያደርጋችኋል። ሰውን በመንግሥት ፊት ማዋረድ ነውር ነዋ! ይሄ ጨዋነታችን ለሽምግልና ያምራል፣ ለሰርግ ያምራል። ለቀበሌ ግን አይሆንም። እንዴት አትሉኝም? ቆይ፣ ይቺ የእህቴ ልጅ ሳቋን ትጨርስና እየጻፈች ልንገራችሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን የሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰና፣ እሱም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መካኒሳ እኔ ቤት ገባ። ያለ ደሞዝ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነው እንግዲህ መንግሥት ሥራ አጦችን መዝግቦ ከቀጣሪ ያገናኛል የተባለው። እሰየው አልን። ለመመዝገብ የቀበሌ ደብዳቤ፤ ለደብዳቤው ደግሞ «ይህ ሰው በእርግጥ ሥራ የለውም» ብለው የሚምሉ ሦስት ጎረቤቶች። ሥራ ማጣትም ምስክር ይፈልጋል፣ ወገኖቼ! ምዝገባው አርብ ያበቃል፤ ያለነው ሐሙስ ላይ ነው።

ምስክር መራጭ እኔ። ጌታሁንን የሚወዱትን ሦስቱን ለቅሜ ቀበሌ ይዤ ሄድኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

እትዬ ዘነበች ቀደሙ። «ጌቴ ነው ሥራ የለውም የምትሉት? የቤቴን ቆርቆሮ ማን መታልኝ! አንድ ደቂቃ ቁጭ የማይል ልጅ!»

ሀጂ ከድር ተቀበሏቸው። «ወላሂ፣ የሱቄን በር ያቆመው እሱ ነው።»

የእድራችን ዳኛማ የድንኳን አተካከሉን ሲያወሩ እንባቸው መጣ። ከኋላ ሆኜ ጋቢያቸውን ብጎትት፣ ብጎትት፣ ማን ሰምቶኝ!

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ አልማዝ፣ ወንድምዎ እኮ ባለሙያ ነው። ንግድ ፈቃድ ያውጣ እንጂ ሥራ አጥ ነው ብዬ አልጽፍም።»

«ኧረ ማንም ከፍሎት አያውቅም! ጎረቤት ያስከፍላል እንዴ?»

«እንግዲያው ሦስቱ ቀርቶ፣ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ያየው አንድ ሰው ካለ እስከ ነገ ያምጡልኝ።»

ጌታሁን ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ልጆቹን አየ። አስተያየቱ ነው እኔን ከቤት ያስሮጠኝ።

ስለ ጌታሁን በቀበሌ ፊት እንኳ ክፉ የሚናገር በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጋሽ መንግሥቴ። በአጥር ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ስለ ጌታሁን የሚያስቡትን ለቀበሌ ይንገሩልኝ።»

«ሁሉንም?»

«አንድም ሳያስቀሩ!»

እንዴት ደስ ብሏቸው መጡ መሰላችሁ፤ ክራቫት አስረው! «ይሄ ሥራ ፈት! ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። አጥር ሊገፋ ካልሆነ እጁን ሲያነሳ አይቼው አላውቅም!» ጸሐፊው እየጻፈ መከተል አቃተው። እኔ እህቱ «እውነት ነው» እያልኩ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ማኅተሙ ጧ! አለ። ወዳጅ ያበላሸውን ጠላት ሲያቃና አየሁ።

ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ መጋዘን ለሥራ ጠራው። እልል ብለን ሳንጨርስ ታዲያ ቀጣሪው «ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ» አላለውም? እኔ ጉልት ቸርቻሪ ነኝ። በመንደሩ የወር ደሞዝተኛ ማን አለ ብትሉ ጋሽ መንግሥቴ። አሁንስ በየትኛው ፊቴ ልሂድ?

ሳልሄድ፣ ወሬው ደርሷቸው እሳቸው መጡ። ለካ ከዚያ ቀን ወዲህ ሀና ማርያም ቅዳሴ በቆሙ ቁጥር መሐላው ሲከነክናቸው ከርሟል። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ጌታሁንን ቀና ብለው ሳያዩ፣ የመሥሪያ ቤታቸውን የዋስትና ደብዳቤ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ያኔ ሰነፍ ነው ብዬ ምያለሁ፤ አሁን ጎበዝ ነው ብዬ እፈርማለሁ። ከሁለቱ አንዱ እውነት መሆኑ አይቀርም!»

በሩን ድርግም አድርገው ወጡ። ዋስ ሲሆን እንዲህ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም።