ጋሽ ሀብቶም የመለሷቸው መነጽሮች

ጥርሱ ላይ ጎመን የተጣበቀበት ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ሲያወራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ቤቱ ገብቶ መስታወት እስኪያይ ድረስ ስንት ሰው እንደሚስቅበት እያወቅሁ፣ «ኧረ ጎመኑን አንሳው» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ይህን ጨዋነት እንለዋለን። ለልጆቻችንም ልናወርሰው ደፋ ቀና ብለን ነበር፤ እነሱ እዚህ ተወልደው እምቢ አሉን እንጂ። እኔ ግን ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆንኩ ያወቅሁት በጋሽ ሀብቶም ዓይን ነው። ነገሩ ደስ የሚል አይደለም፤ ቢሆንም ላውጋችሁ።

ጋሽ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛን አስመራ ተማሪ ቤት ሳሉ የተማሩ ቢሆኑም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያሳምሩታል። ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን እንሠራ ነበር፤ እሳቸው ትልቁ ማሽን ላይ፣ እኔ አንሶላ ማጠፉ ላይ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሜፕልዉድ ካለው አፓርታማቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር። ታዲያ አንድ ፈረንጅ ባልደረባችን ጡረታ ወጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ሲሄድ ዒላማ የሚተኩስበትን አሮጌ ጠመንጃ ለእሳቸው ሸጠላቸው። ሰውየው ከቡርንስቪል አለፍ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ወስዷቸው ስለነበር ነገሩ ገብቷቸዋል። እሱ ሲሄድ አጃቢነቱ ለእኔ ደረሰኝ።

እዚያ ሜዳ ላይ የሚሞት ነገር የለም። ወረቀት ይበሳል፣ ሰው ይጨዋወታል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። «እዚያ በሆዴ ተኝቼ ትንፋሼን ስይዝ ጭንቅላቴ ዝም ይልልኛል፣ ወደይ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ። ወደይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሌላ ቦታ ሁሉ እሷን አስባለሁ።» ከዚያን ቀን በኋላ ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣብኝን ነገር ሁሉ ሰረዝኩ።

መቶ ያርድ ርቀት ላይ በባዶ ዓይን ሲተኩሱ ከርመው ሦስት መቶ አማራቸው። ለዚያ ደግሞ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ኪሳችን የሚችለውን ፍለጋ አንድ ትልቅ የአዳኞች ሱቅ ገባን። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሻጭ ቀስ አድርጎ አስረዳን። ለጀማሪ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፤ ቁጥሩን ትታችሁ የመስታወቱን ጥራት እዩ፤ ማስተካከያው ሲዞር ልክ በተባለው መጠን ይሂድ፤ ማሰሪያው ደግሞ ጠንካራ ይሁን። አንገታችንን እየነቀነቅን አዳመጥነው። ከዚያ ቁጥሩን አየን። በአሥሩ ዋጋ ሃያ አራት ጊዜ የሚያጎላ እያለ አሥሩን የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው? ጋሽ ሀብቶም ሃያ አራቱን አንስተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጋዘን ራስ አነጣጠሩና፣ «ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል!» አሉ። ገዛነው።

ሜዳው ላይ ግን ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ደበዘዘ፤ በዚያ ላይ የልባቸው ትርታ ሳይቀር እያዘለለው አላስተኩስ አላቸው። «ሪተርን እናደርገዋለን» አሉ። በዚህ አገር ከተደሰትኩባቸው ነገሮች አንዱ የገዙትን መመለስ ነው፤ ሻጩ ፊቱን እንኳ አያጠቁርም። በምትኩ መካከለኛ ወሰድን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ፣ «ዳር ዳሩ ጥቁር ነው» አሉ። ሻጩን ብንጠይቀው ዓይን ከመስታወቱ በልኩ ካልራቀ ጥቁር ክብ እንደሚታይ ነገረን። እኛም አንድ ሙሉ ጠዋት መነጽሩን ማሰሪያው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስንገፋው ዋልን። ጥቁሩ አልለቅ አለ። እሱንም መለስንና፣ ሰውየው መጀመሪያ የነገረንን ባለ አሥሩን ገዛን።

እስቲ እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ።

ጋሽ ሀብቶም በሦስተኛው መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩ። ጭንቅላታቸውን አቀረቡ፣ አራቁ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ይሄም ያው ነው፤ ዳሩ ጥቁር ነው። እስቲ አንተ ቼክ አድርገው» አሉኝ። በቦታቸው ተኝቼ አየሁ። ጥርት ያለ ነበር። ሦስት መቶ ያርድ ላይ ያለው ወረቀት፣ ከበስተኋላው ያለው አፈር፣ አፈሩ ላይ የበቀለው ደረቅ ሣር፣ ሁሉም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ያኔ ገባኝ። ችግሩ ከመስታወቱ ሳይሆን ከዓይናቸው ነው። ቀና ስል ፊቴን እያዩ ይጠብቁኛል። ሚስታቸውን ያጡ ትልቅ ሰው፣ የቀረቻቸው አንዲት ቅዳሜ።

«አዎ፣ ጋሼ። እኔም ይጠቁርብኛል» አልኳቸው።

አያችሁ? ጎመኑን አየሁና ጣሪያውን አየሁ።

ሦስተኛውንም መለስን፤ ሻጩ አራተኛውን ሲሰጠን ሳቅ ብሎ ነበር። ከዚያው ባለ አሥር ዓይነት፣ ሌላ ካርቶን ውስጥ ያለ መነጽር ነበር። ክረምቱ ገባ፣ በረዶው ሜዳውን ዘጋው፣ እኔም በረዶውን በልቤ አመሰገንኩ። በየሳምንቱ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ አንሶላዬን አጥፌ እወጣለሁ። በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሴት ልጃቸው ሳባ አጠገባቸው ተቀምጣ ሲነዱ የቆመ መኪና ጎን ገጩ። ልጅቷ እዚሁ ነው የተወለደችው። እኔ አምስት ወር ሙሉ ያቃተኝን በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አባቷን ቀና ብላ እያየች ተናገረችው፤ አባባ፣ ዓይንህ አያይም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ነርቩን ሲበላው ቆይቷል፤ የተበላው አይመለስም። ቀኝ ዓይናቸው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ ግራው በጠብታ ይያዛል። በረዶው ከመግባቱ በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ የቀኙንም ብዙ ማትረፍ ይቻል እንደነበር ሳባ ስትነግረኝ ወለሉን ነበር የማየው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሜፕልዉድ ሄድኩ። እውነቱን ነገርኳቸው። ጥቁር እንዳልታየኝ፣ እንደዋሸሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «አውቅ ነበር» አሉ። «መነጽሩን ትቼ ቀና ስልም ጥቁሩ አብሮኝ ነበር። ዓይኔ መሆኑን እኔስ መች ጠፋኝ።»

«ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት አልሄዱም፣ ጋሼ?»

«እኔም ይጠቁርብኛል ብለህ አልነበር? ለእኔ ብለህ እንደዋሸህ ገባኝ። ሄጄ ዓይኔ ታሟል ብባል አንተ ውሸታም ልትሆን ነው። እንዴት አድርጌ ላሳፍርህ?»

እሳቸው ለእኔ፣ እኔ ለእሳቸው ስንጠነቀቅ ዓይኑ በመሀል ሄደ።

አሁንም ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን። እሳቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ካቦርታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ፤ ተኳሹ እኔ ነኝ። መነጽሩ ያው ባለ አሥሩ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አታገኙም። ባለፈው ትንፋሼን ይዤ ተኮስኩ። ጋሽ ሀብቶም ወደማያዩት ወረቀት ፊታቸውን መልሰው፣ «መታኸው?» አሉኝ።

ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። መታሁ ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ለእሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር። ምላሴ ለሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሳትኩ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉኝ።