በረኛው የየት ልጅ ነው?

ሰውን የሚያደክመው ሥራ ነው የሚል ሰው መርካቶ ውሎ አያውቅም። ሥራማ ሲመሽ ሱቁ ይዘጋበታል፤ ያበቃል። ወሬ ግን ቁልፍ የለውም። ተከትሏችሁ ይወጣል፣ አጠገባችሁ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ እራት ላይም ይቀርባል። ከወሬ ሁሉ ደግሞ የኳስ ወሬ ይብሳል። ዱባይ ተራ፣ እኔ ሻንጣ በምሸጥበት ሕንፃ ውስጥ፣ የእንግሊዝን ክለቦች የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥር ነጋዴ ሞልቷል። የራሱን ቅድመ አያት ስም ጠይቁት፤ «ቆይ ለአባቴ ልደውል» ይላችኋል።

አልፈርድም። ሰው የእኔ የሚለው ነገር ይሻል። ያለው ካልሞላለት ባሕር ተሻግሮ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ከባሕር ማዶ የምናመጣ ሰዎች ስለሆንን ክለብ ማምጣቱ አልከበደንም። የሚከብደው ያመጡትን ነገር ምን እንደሚያደርጉበት ማወቁ ነው። የእኛም ጣጣ የመጣው እንዲሁ ነው፤ ከስፔን፣ ያለ ቀረጥ።

ያመጣው ከድር ነው። ከድር ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ነገር ሲያስረዳ ዓይኑን የሚጨፍን የስልጤ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ የስፔንን ሁለት ሀብታም ክለቦች ተካፍሎ ሲጨቃጨቅ፣ እሱ ከሰሜን በኩል አንድ ክለብ ለብቻው ያዘ። ስሙን አልጽፈውም፤ የክለብ ስም የተጠራበት ወግ ሁሉ መጨረሻው ጠብ ነው። ባስክ ከሚባለው አገር ነው ብላችሁ ያዙልኝ። «እንዴት እሱን መረጥክ?» ያላችሁት እንደሆነ ከድር ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ወንበር ፈልጋችሁ ብትቀመጡ ይሻላችኋል።

ታሪኩን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ኳስን ወደ ከተማቸው ያመጡት ለማዕድንና ለመርከብ ሥራ የመጡ እንግሊዞችና እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ የአገሬው ልጆች ናቸው። የክለቡ ስም ራሱ የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው። ኋላ አንድ አምባገነን ተነሣና «የባዕድ ስም አልሰማም» ብሎ ስማቸውን አስቀየራቸው፤ ዘመኑ ሲላላ ስማቸውን መለሱ። ዋንጫ ያገኙ እንደሆነ በወንዛቸው ላይ በጀልባ ይንሳፈፋሉ፤ ከተማው ግራና ቀኝ ዳር ቆሞ ያለቅሳል። ከሁሉ በላይ ግን (እዚህ ላይ ከድር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል) ከመቶ ዓመት በላይ ከአገራቸው ልጅ በቀር ሌላ አላሰለፉም። ዓለም ተጫዋች እንደ ሽንኩርት ከገበያ ሲሸምት እነሱ የቤታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዋንጫ ሳያዩ ብዙ ዘመን ያልፋል። ቢሆንም አንድም ቀን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን አልወረዱም።

«ሲሸነፉም ራሳቸውን ሆነው ነው የሚሸነፉት» ይልና ከድር ዓይኑን ይገልጣል።

ሕንፃችንም የኳስ ቡድን አለው። እሑድ እሑድ ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ ይሮጣል ያልኩት በአክብሮት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከጎጃም በረንዳ ነጋዴዎች ጋር ይጋጠማል። እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ማሊያ ጠባቂና ውሃ አቀባይ ነኝ። ከጎጃም በረንዳ ጋር በተጋጠምን ቁጥር እንሸነፋለን፤ ምክንያታችንም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቅጥር ተጫዋች ነጋዴ ነው እያሉ ያስገባሉ። አጥቂያቸውን «ወንድም፣ ምን ትነግዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «ንግድ» አለኝ።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ሻይ ቤት ተሰብስበን «እኛም እንቅጠር» የሚሉ በዙ። ይሄኔ ከድር ተነሥቶ የክለቡን ታሪክ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። «ሰው ከምንቀጥር የራሳችንን ሰዎች ይዘን ብንወጣ ምን ይለናል?» ብሎ ተቀመጠ። ተክሌ ጠረጴዛውን መታ። ተክሌ የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ፣ የቡድኑ አምበል፣ የሕንፃው ነጋዴዎች ኮሚቴም ሰብሳቢ ነው። «በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ የተራው ልጅ ብቻ» አለ። ተጨበጨበ። የአንዳንዱ ሰው ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄው መጣ። የተራው ልጅ የሚባለው ማን ነው? «እዚህ የተወለደ» አለ አንዱ። እርስ በርስ ተያየን። ተክሌ የተወለደው ጉራጌ አገር ነው። ከድር ወራቤ ነው። እኔ ሆሳዕና ነኝ። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ የተወለደችው የዘበኛው ድመት ብቻ ናት» አለ ከወደ ኋላ አንዱ። እሺ፣ አባቱ እዚህ የነገደ ይሁን ተባለ። ግማሹ ቀረ። አባቱ ወይም አጎቱ። ወይም የሚስቱ አባት። ወይም ራሱ እዚህ ሱቅ የተከራየ። መስፈርቱ እንደ ሹራብ እየተለጠጠ ሁሉንም አለበሰ። በመጨረሻ ብርድ ላይ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ በረኛችን።

በረኛችን ሰይድ ይባላል። የወሎ ሰው ነው፤ ደረጃው ሥር፣ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሻንጣ ዚፕና ጎማ ይጠግናል። እኔ የምሸጠውን ሻንጣ የሚያውቅ ሰው የሰይድን ጥቅም አያጣውም። እጁ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ነው። ከጎጃም በረንዳ ጋር ስንጋጠም ሽንፈታችን ለሰው የሚነገር ልክ የሚኖረው በእሱ እጅ ነበር። ሱቅ ግን የለውም። ደረጃ ሥር ሱቅ አይባልም።

ሹራቡ እሱ ጋ ሲደርስ መለጠጡን ያቆመበትን ምክንያት ለማወቅ መመራመር አላስፈለገም። የጋሽ ወልዴ ልጅ ናሆም አዲስ የበረኛ ጓንት ገዝቷል። ጋሽ ወልዴ የሕንፃው ነባር አስመጪ ናቸው፤ ማሊያውን የሚያሠሩልን፣ የሜዳውን ኪራይ የሚችሉልን እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አንድም ቀን «ልጄን አሰልፉልኝ» አላሉም። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ሳይባል ሲቀር ነው ቶሎ የሚፈጸመው።

«ተክሌ፣ እኔ ያልኩት ይሄን አይደለም» አለ ከድር።

«አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከን?»

«እነሱኮ መጀመሪያ የተወለደ አሉ። ቆይቶ እዚያ ያደገም ይግባ አሉ። እዚያ ኳስ የተማረም አሉ። የሚለጥጡት ሰው ለማስገባት ነው።»

«እኛስ አልለጠጥንም?»

«ሰይድ ጋ ስትደርሱ ቆማችኋል።»

«የሆነ ቦታማ መቆም አለበት» አለ ተክሌ። «ካልቆመ ምኑን መስፈርት ሆነ?»

እኔም አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ «ሰይድኮ ከብዙዎቻችን በፊት እዚህ የነበረ ሰው ነው» አልኩ። «ልክ ነህ» አሉኝ ሁሉም በአንድ አፍ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። መርካቶ ውስጥ ሐሳብ የሚሞተው «ልክ ነህ» ሲባል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከድር ወደ ሰይድ ወረደ። ሻንጣዎቼን አውጥቼ እየደረደርኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ከድር ይቅርታውን እያንዛዛ፣ የጉዳዩን መነሻ ከእንግሊዝ መርከበኞች ጀምሮ አስረዳ። ሰይድ የዚፕ ጥርስ በፒንሳ እያጠበቀ አዳመጠው።

«ከድር፣ እነዚያ ሰዎች አገሬው ያልሆነውን ተጫዋች ምን ያደርጉታል?» አለው በመጨረሻ።

«ምንም። ሌላ ክለብ ይሄዳል።»

«ይጠሉታል?»

«ኧረ አይጠሉትም።»

«እንግዲያ ምን አለበት» አለና ዚፑን ወደ ላይም ወደ ታችም ሞከረው። «ይሠራል» አለ። ስለ ዚፑ ይሁን ስለ ሌላ ነገር አልገባኝም። ከድር ግን በዚያው ቀን ቡድኑን ለቀቀ።

እንግዲህ እናንተም እንደ እኔ ተረት እየሰማችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ግፍ የሠራ ይዋረዳል። ባለ አዲሱ ጓንት ጎል ይጠግባል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሰይድን ይለምናሉ። እኔም የውሃውን ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ሜዳው ስሄድ ልቤ በዚሁ ተስፋ ሞልቶ ነበር።

አሸነፍን።

የጎጃም በረንዳ ቅጥር አጥቂ በዚያ ቀን ሳይመጣ ቀረ። አንዱ ተከላካያቸው ኳሷን ለበረኛው እመልሳለሁ ብሎ በገዛ መረቡ ውስጥ ከተታት። ናሆም ጓንቱ ሳይቆሽሽ ጨዋታው አለቀ። ተክሌ መሬት ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ጋሽ ወልዴ በግ አሳረዱልን። «አያችሁ አይደል? መስፈርት ሲኖር እንዲህ ነው» ተባለ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ። ብቻ እያላመጥኩ ሳስበው፣ ብንሸነፍ ኖሮ ስንት ነገር ይቀል ነበር። የተሸነፈ ስህተት ይመከራል። ያሸነፈን ስህተት ማን ደፍሮ ይመክረዋል?

ነገሩ በኳስ ቢያበቃ ባልከፋ። ኮሚቴው በድሉ ሞቅታ መተላለፊያው ይጽዳ፣ ሕንፃው ወግ ይያዝ ማለት ጀመረ። ለተራው ልጅ ካልሆነ በቀር ደረጃ ሥር ቦታ አይሰጥም ተባለ። የኳሱ መስፈርት ማሊያውን አውልቆ ሱፍ ለበሰ ማለት ነው። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ለሰይድ የነገረው ተክሌ ራሱ ነው፤ ትከሻውን አቅፎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «የእኔ ውሳኔ እንዳይመስልህ» እያለ። ሰይድ በዚያች የደረጃ ሥር ቦታ ኮምቦልቻ ያሉ ሚስቱንና ልጆቹን ያስተዳድራል። እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ መስፊያ ማሽኑን በአሮጌ ሸራ መጠቅለል ጀመረ።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«አላህ ያውቃል» አለኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ የነበረው ድካም ነው። የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝ።

ማሽኑን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ይወጣል ስል ከድር ከላይ ወርዶ በአንድ በኩል ያዘለትና ደረጃውን ይዘውት ወጡ። የከድርን ሱቅ ብታዩዋት ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ እየጮኸ የሚገዛባት ናት። ከድር የሽፋኑን መደርደሪያ ግማሹን ነቀለና ማሽኑን እዚያ ተከለለት። ጻድቅ ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ። የሙጫው ሽታ ራሴን አመመኝ እያለ ይነጫነጫል፤ የማሽኑ ድምፅ ደንበኛ አባረረብኝ ይላል። ሚስቱም የሱቋን ግማሽ መስጠቱን ሰምታ አኩርፋ ብዙ ሰነበተች። ሰይድ ግን አልወጣም፤ ከድርም ውጣ አላለውም። እሑድ ከሰዓት ያ የሰሜን ክለብ ሲጫወት ሁለቱ በአንዲት ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያያሉ። ከአፍሪካ ተሰደው እዚያ የደረሱ ሰዎች ልጆችም ማሊያውን ለብሰው እንደሚጫወቱ ሰይድ ያወቀው እንዲያ ሲያይ ነው። «እነዚህኞቹም የአገሬው ልጆች ናቸው?» አለው አሉ። «እዚያ ነዋ ያደጉት» አለው ከድር፣ ዓይኑን ሳይጨፍን።

ዓመቱ ዞረና ጨዋታው ደረሰ። ናሆም ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ነበር። ተክሌ ጥቂት ተጫዋቾች አስከትሎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ እኔም እንደ ማሊያ ጠባቂነቴ ተከተልኩ።

«ሰይድ፣ ዘንድሮ አንተ እንድትገባልን ነው የመጣነው» አለ ተክሌ።

«መስፈርቱስ?»

«አሁንማ ሱቅ ውስጥ ነህ። የተራው ልጅ ሆነሃል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ተክሌ ጣሪያውን አየ፣ ሽፋኖቹን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን። ሰይድ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ደግሞም ይገባዋል። እኔ ብሆን አሳምሬ እምቢ እል ነበር፤ እንዲያውም ቃላቱን በልቤ እየመረጥኩለት ነበር። እሱ ግን እጁ ላይ የነበረውን ሙጫ በጨርቅ እየጠረገ፣

«ማሊያው ሰፋ ያለ ይሁንልኝ» አለ።

ኳስ ይወዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ከድርም አብሮት ወደ ቡድኑ ተመለሰ።

ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ቅጥሩ አጥቂ ተመልሶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎሎች ማንም አያድናቸውም። ሦስተኛዋ ግን ቀስ ብላ እየተንከባለለች፣ ሰላም ለማለት የመጣች እየመሰለች፣ በሰይድ እግሮች መካከል አለፈች።

ጨዋታው አልቆ ሜዳው ዳር በላብ የራሱ ማሊያዎች ስሰበስብ ተክሌ ሰይድ ላይ ወረደበት። «አንተ ሰውዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ዚፕ ስትዘጋ ከርመህ እግርህን መዝጋት አቃተህ?» አለው። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ አንዱ እጁን፣ አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ ቁመቱን አነሣበት። ሰይድ በዚህ ሕንፃ በኖረበት ዘመን ሁሉ ማንም ተቆጥቶት አያውቅም። ከደረጃው ሥር ሲያነሡት እንኳ በትሕትና ነበር።

ሰይድ ካቀረቀረበት ቀና አለ። «ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው» አለ፤ እየሣቀ ይሁን እየተናደደ መለየት ያቅታል።

«የምን ፀሐይ? ደመና አይደል እንዴ» አለው ተክሌ።

«አንተ ደግሞ መቼ ወደ ኋላ ተመልሰህ ተከላከልክና ነው?»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ።»

ከድርም ገባበት፤ ማንን እንደደገፈ ግን አልተለየም። ቶሎ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ የማሊያውን ከረጢት ቋጥሬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።