ጁፒተር ሙሉን እንዴት እንዳሳጣኝ

ኧረ ጉዴን ስሙልኝ! ዛሬ መካኒሳ አቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ ከመንገድ ማዶ «ጋዙ! አንተ ጋዙ!» ብሎ ጮኸብኝ። በልጅ ልጄ ፊት!

«አባባ፣ ጋዙ ማነው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ። ሼር ያደረገ ብሎክ ይደረጋል!

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ሰፈር የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ቁመት፣ አፍሮ፣ ቤል ቦተም፣ ምናምን። ሙሉ ለምትባል ልጅ እሞታለሁ። ቀለበት ሁሉ ገዝቻለሁ! እናቷ እትዬ ዘነቡ ግን ዓይኔን ማየት አይፈልጉም።

ሽማግሌ ልልክ ሳምንት ሲቀረኝ ቀበሌው «እሁድ ለሕዝቡ ስለ ፕላኔቶች ገለጻ አድርግ» አለኝ። እትዬ ዘነቡም ይመጣሉ፤ ያኔ ከስብሰባ መቅረት የት አለ!

በቃ፣ አማቴን ላስደምም ነው አልኩ።

«ጓዶች፣ ለፀሐይ የሚቀርቡት ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ የኛ መሬትና ማርስ ትንንሽ ናቸው። ግን አለት ናቸው፤ ይቆምባቸዋል። የውጪዎቹ፣ እነ ጁፒተርና ሳተርን፣ ግዙፍ ናቸው፤ ጨረቃቸው ብዙ ነው፤ ቀለበትም አላቸው። መቆሚያ ግን የላቸውም። ምክንያቱም ጋዝ ናቸው!»

«ጋዝ» ስል አዳራሹ ሁሉ ቀና አለ።

ወገኖቼ፣ ያኔ ሰው «ጋዝ» ሲል ላምባ ማለቱ ነው። ላምባ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል! የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ኅብረት ሱቁ በር ላይ በገመድ ተቀጣጥሎ ሰልፍ ይዟል። ይሄን እንዴት እረሳለሁ? ጭንቅላት የለኝም እንዴ?

እትዬ ዘነቡ ብድግ አሉ። «ስንት ጀሪካን ይወጣዋል?»

«አይ እትዬ፣ ይሄኛው እንደ አየር ያለ ነው...»

«ታዲያ አየር ነው አትልም! በጨለማ ራት እየበላን በጋዝ ትቀልድብናለህ?»

ሊቀመንበሩ ደግሞ ኮስተር ብሎ፣ «ጓድ መምህር፣ ጋዝ ያለበትን ካወቅህ እስከዛሬ ለምን ደበቅህ?»

የፈጣሪ ያለህ!

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ጋዙ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስሙም በዚያው ጸደቀልኝ።

እኔ ጅሉ ግን በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ!

እትዬ ዘነቡ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ አዳምጠው ሲያበቁ እንዲህ አሏቸው፦ «ልጁ ግዙፍ ነው፣ ቀለበትም አለው። ግን ልጄ ምኑ ላይ ትቆማለች?»

በራሴ ሌክቸር!

ሙሉን ማን አገባት መሰላችሁ? ያ ከኋላ የጮኸው ጎረምሳ። ሥራው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ግንበኛ! ድንጋይ!

ዛሬም የጮኸው እሱ ነው። ሙሉ ክንዱን ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። አሁንም ታምራለች፣ ምን ዋጋ አለው። (ባለቤቴ ፌስቡክ የላትም፤ ተመስገን!)

እስቲ ፍረዱኝ። ፕሉቶ እንኳ ከፕላኔትነት የተባረረው ትንሽ ነህ ተብሎ ነው። ግዙፍ ሆኖ የተባረረ ከኔ ሌላ ታውቃላችሁ?