ሃያ ዕቃ የምትይዝ ከረጢት

ዕቃ መጣል የሚችል ሰው አይቼ አላውቅም፤ እችላለሁ የሚል ግን ሞልቷል። እርስዎም ካላመኑኝ ተነሥተው መሳቢያዎን ይክፈቱ። የየትኛው በር እንደሆነ የተረሳ ቁልፍ፣ ስልኩ ከሞተ የቆየ ቻርጀር፣ አንድ እግር ካልሲ። ምን ያደርግልዎታል ብዬ ብጠይቅ «አንድ ቀን ይፈለጋል» ይሉኛል። አይፈለግም።

ይህን ድክመታችንን ያጠናሁት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ ከልጄ ከሳባ ጀርባ ቆሜ ነው። የጂኦግራፊ ዲፕሎማዬን ይዤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ፍሪጅ ስጠግን ውዬ ስገባ፣ እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሳባ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ አገኛታለሁ። የምትጫወተው ጌም ውስጥ አንዲት ጦረኛ አለች። ዘንዶ ትገድላለች፣ ተራራ ትወጣለች፤ ከረጢቷ ግን ከሃያ ዕቃ በላይ አይይዝም። ሃያ አንደኛውን ስታነሣ «ቦታ የለም» ይላታል። ያኔ ዘንዶው ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጄ የሚጣል ትመርጣለች። አንዲት ብልቃጥ መድኃኒት ግን አትጣልም፣ አትጠጣምም። ጦረኛዋ ቆስላ ስታቃስት እንኳ «ለመጨረሻው ውጊያ ነው፣ ባባ» ትለኛለች። ሳቅሁባት።

የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ አልጋዬ ሥር ሻንጣ ያለኝ ሰውዬ! ካርቱም የኖረ ስደተኛ ይህችን ሻንጣ ያውቃታል። ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳያችን ሊያልቅ ነው በተባለ ሰሞን፣ ባለቤቴ አልማዝ በረዶ አገር ይጠብቀናል ብላ ለሦስታችን የሱፍ ካፖርት ገዛች። ጉዳያችን ዘጠኝ ዓመት ተኛ። እሷ በየዓመቱ ካፖርቶቹን አውጥታ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፣ መልሳ አጥፋ ትከታቸዋለች። ማናችንም ለክተናቸው አናውቅም።

ጦርነቱ ካርቱም የገባ ሰሞን እንደ ካርቱም ወደምትሞቀው ወደ ገዳሪፍ ከተማ የሚሄድ ባስ ተገኘ። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ «ሸንጣ ዋሕዳ፣ በስ!» ይላል፤ ለሰው አንድ ሻንጣ ብቻ ማለቱ ነው። ሦስት ሻንጣ ሞልተናል። አልማዝ አራተኛዋን፣ የካፖርቶቹን፣ አቅፋ ቆመች።

«እሷን ጥዬ አልሄድም» አለች።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ከቡሪ ሰፈር በኩል ተኩስ ይሰማል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ይህ ባስ ካመለጠን ሌላ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። ሳባ ሻንጣዋን ከእናቷ ቀስ ብላ ተቀብላ ከፈተቻት።

«ማማ፣ የለበስነው አይቆጠርም። ጌሙ ላይ እንደዚያ ነው፣ ወላሂ! ያላ፣ ልበሺ።»

ለበስን። በካርቱም ሚያዝያ፣ በዚያ ሙቀት! ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየንና «ያ ኡስታዝ፣ ገዳሪፍ እኮ ነው የምንሄደው» አለኝ። ፍርሃት ያደረቀው ባስ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ።

አልማዝ አልሳቀችም። የሳባ ካፖርት የስድስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው፤ እጅጌው ክርኗ ላይ አለቀ። እናቷ የተረፈውን ባዶ ክንድ በስንዝሯ ለካችው።

«መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው፣ ልጄ?» አለችና አለቀሰች።

ባሱ ሲንቀሳቀስ ሳባ ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጥፋ የዴምን ሱቆች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች ተሰናበተቻቸው። እኔና አልማዝ ከዚህ ከተማ ለመውጣት ዘጠኝ ዓመት ተዘጋጅተናል። ያን ቀን ከሦስታችን አገሯን ጥላ የተሰደደችው እሷ ብቻ ነበረች። ካፖርቴን አውልቄ ጭንቅላቷ ሥር አደረግሁላት።