የጋሽ ታደሰ ካምቢዮ

እኛ ክፉ ነገር ፊት ለፊት መናገር አንወድም። እስቲ እናንተም አስቡት። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ፣ ሐኪሙ እናንተን ትቶ አብሯችሁ የመጣውን ሰው «እስቲ አንዴ ወደ ውጭ» ካለው ነገሩ አልቋል ማለት ነው። በሽታው እናንተ ሆድ ውስጥ፣ ወሬው ኮሪደር ላይ። ከዚያ ያ ሰውዬ ዓይኑን ጠራርጎ ይገባና «ጨጓራ ነው አሉ» ይላችኋል። እናንተም ታምናላችሁ፤ ወይም ያመናችሁ ትመስላላችሁ።

ያን ሰውዬ እኔ ሆኜ አውቃለሁ።

ጋሽ ታደሰ እዚህ ሱሉልታ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። ሐኪሙ እኔንና ባለቤታቸውን እትዬ ዘነቡን ኮሪደር ላይ አቁሞ ጉበታቸው እንዳለቀለት፣ የቀራቸውም ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ነገረን። እኛም እንደ ደንቡ ገብተን «ጨጓራ ነው» አልናቸው። እሳቸውን ግን ከጨጓራው ይልቅ ያሳሰባቸው የመኪናቸው ካምቢዮ ነበር።

አሮጌ ፒክአፕ አለቻቸው፤ ማርሿን በራሷ የምትቀይር፣ አውቶማቲክ። በቆመች ቁጥር «ገፋ እናድርጋት!» እያለ የሚሰበሰበው የሰፈር ሰው ብዛቱ! አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም ብላችሁ ብትምሉ ብትገዘቱ የሚሰማችሁ የለም። ያን ሰሞን ደግሞ ሞተሯ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ዳገት ላይማ ጭራሽ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች።

ጋሽ ታደሰ ለምን እንደቸኮሉ ልንገራችሁ። እዚሁ ቅርብ፣ ጫንጮ ውስጥ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፣ አልማዝ የምትባል። እናታቸው የሞቱ ጊዜ፣ እሷ «የኔ ነው» እያለች እያለቀሰች፣ እሳቸው የእናታቸውን የእንጨት ሳጥን በዚችው ፒክአፕ ጭነው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። አሁን ግን «በወሰድኩባት መኪና፣ ራሴ ነድቼ እመልስላታለሁ» አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይተው አሁን ምን እንዳስቸኮላቸው አልጠየቅንም።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭነን ጉታ ዘንድ ወሰድናት። ጉታ መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘና ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጥላሸት መስሏል። አሸተተው፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከሥር ያለውን ክዳን ሲከፍተው የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ወረደ። ቀና ብሎ ጋሽ ታደሰን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እስቲ አንዴ ወደ ውጭ።»

«ውስጡ ተቃጥሎ አልቋል» አለኝ ከበሩ ውጭ። «የዚህች ዓይነት ዕቃ ደግሞ አሁን ከየትም አይገኝም። ንገራቸውና ይረፉት።» እኔ ደግሞ ሐኪሙ ያለንን ነገርኩት፤ ይቺን ተስፋ እንዳይነጥቃቸውም ለመንኩት። ጉታ ራሱን ይዞ አምላኩን ጠራ። «ያ ዋቅ! እኔ እኮ መካኒክ ነኝ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ገብቶም «ኦቦ ታደሰ፣ ትንሽ ነገር ነው፤ በሳምንት ትደርሳለች» አላቸው።

ሳምንቱ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጋሽ ታደሰ በየቀኑ ጋቢያቸውን ደርበው እየመጡ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ጉታ፣ ምስኪን፣ እሳቸው ሲመጡ ካምቢዮውን ያወርዳል፣ ያጥባል፣ መልሶ ያስራል። የሞተ ካምቢዮ እንደዚያ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ይኸው ሊያልቅ ነው» እላለሁ። አፍሬ ይሆን? አላፈርኩም፤ እንዲያውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ አልማዝን ለምን አልጠራችኋትም?» ትሉኝ ይሆናል። እትዬ ዘነቡም ይህንኑ ብለው ነበር። ግን ስንት ዓመት ያኮረፈች እህት ድንገት በር ከፍታ ብትገባ ጋሽ ታደሰ ነገሩ አይገባቸውም? ስለዚህ እሳቸው እንዳይገባቸው ብለን ከእሷም ደበቅን። ይቺን ብልጠት ያመጣኋት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ከጎማው ላይ በግድ ተነሱና መኪናዋ ውስጥ ገቡ። አስነሷት፤ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ሰጧት። ሞተሩ ጮኸ፣ እሷ ቆመች። አጥፍተው ወረዱና መለኪያውን መዘው አፍንጫቸው ሥር አደረጉት።

«ጉታ፣ ዘይቱን ስንቴ ቀየርከው?»

«ሦስቴ፣ ኦቦ።»

«ዛሬም ያው ነው ሽታው። ያመጣናት ቀን አልቆላት ነበር፣ አይደል?»

ጉታ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ሳጥኑን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ያኔውኑ እሄድ ነበር። ያኔ እኮ እግሬም ደህና ነበር።» አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ!

«ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። በማግስቱ የጎረቤት ሚኒባስ ይዤ መጣሁ፤ ሳጥኑን ጣሪያው ላይ አሰርነው። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። መነሳት አቃታቸው። ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ግን ለእኛ ተዉት። መርዶ ላይ ማን ይችለናል! በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ አምስት ሰው ሆነን በዚያው ሚኒባስ ጫንጮ ገባን። ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚይዛት መንገድ ላይ ጨርሰናል። ሁሉን ስናስብ ሳጥኑን ከጣሪያው ላይ ለማውረድ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

አልማዝ የመኪና ድምፅ ሰምታ ወጣች። ቀድማ ያየችው ሳጥኑን ነው፤ ፊቷ በራ።

«ወንድሜ መጣ?» አለች።

እንደ ደንቡ አረዳናት። ለቅሶዋ ጋብ ሲልላት እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ታሞ ነበር? ከዚህ እስከዚያ ምን ርቀት አለው፤ ሰው እንዴት አንዲት ቃል አይነግረኝም?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልነግራት ነበር፤ ሙት ልነግራት ነበር።

«መኪናው ተበላሽቶ ነው» አልኳት።