ስለ ዘይነባ አውራ ጣትና ስለ እኔ ሳል

ይሄን አታምኑኝም። ወላሂ አታምኑኝም! ካመናችሁኝ ከሚሴ መናኸሪያ መሀል ቆሜ፣ ረዳቶቹ ሁሉ እያዩኝ እንደ ፍየል እጮሀለሁ። እስቲ ሞክሩኝ።

መጀመሪያ ግን በአንድ ነገር እንስማማ፤ ማስኮረጅ ሙያ ነው። መኮረጅማ ማንም ይኮርጃል፣ አንገት ማስረዘም ብቻ ነው። ማስኮረጅ ግን የእርጋታ፣ የፊት አጠባበቅና የጉሮሮ ጥበብ ይጠይቃል። እኔ ሀያት እባላለሁ፣ አስረኛ ክፍል ነኝ፣ ግማሹን ክፍል በሳል ብቻ አሳልፌዋለሁ። አንድ ሳል «ሀ» ነው፣ ሁለት ሳል «ለ» ነው፤ ማስነጠስ ከመጣ ደግሞ «መ»። አንዴ ፈታኙ ራሱ አዝኖልኝ «ወጥተሽ ውሀ ጠጪ የኔ ልጅ» ብሎኛል። እየተኩራራሁ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እየተኩራራሁ ነው።

ይሄ ታላቅ ሙያዬ ነው እንግዲህ እህቴን ሊያጠፋት የነበረው።

ዘይነባ ታላቄ ናት። የኒካዋ ቀን ከአረፋ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተቆርጦ ነበር። ሙሽራው ኡመር ባቲ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሲስቅ እንኳን ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ስልክ ሲደውልላት ፊቷን ብታዩት! እኔ አጠገቧ ሆኜ የኡመርን ድምፅ እያስመሰልኩ ስንቴ አሳብጃታለሁ።

እኛ ዘንድ ሙሽራ ከኒካው በፊት ወይባ ትሞቃለች። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፣ ሙሽሪት በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከላዩ ትቀመጣለች። ቆዳዋ እንዲያምር ነው አሉ። አስቡት፣ በከሚሴ ሙቀት፣ እሳት ላይ! እኔን ብትጠይቁኝ ፀሐዩ ይበቃት ነበር። ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል?

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ከወይባው ተነስታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ግራ እግሯ ታጠፈና መሬት ላይ ዘፍ አለች። እማ ምን አደረገች መሰላችሁ? እሷን ከማንሳቷ በፊት እኔን ፈለገች! «አንቺ ሸይጧን፣ ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው፣ ባለፈው የአጎቴን የጫማ ክሮች እርስ በርስ አስሬ በሰው ፊት ደፍቼዋለሁ። በዚህኛው ግን እጄ የለበትም። ተንበርክኬ ሳነሳት ዘይነባ በጆሮዬ «ሀያት፣ ግራ እግሬን አጣሁት» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ልስቅ ነበር። ከንፈሯን ሳየው ተውኩት፤ ነጭ ሆኗል።

ጥላ ውስጥ አስቀምጠን ውሀ ረጨናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ሄደች። እማ «አልሀምዱሊላህ፣ ድካም ነው» ብላ ልትዘጋው ስትል የአክስቷ ልጅ ዶክተር ነጂያት ትዝ አለቻት። ዶክተር ነጂያት ለአረፋ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የነርቭ ሐኪም ናት፤ ከነርቭም ውስጥ አንድ በሽታ መርጣ እሱን ብቻ የምታሳድድ። ኤም ኤስ ይባላል። ሰው ሁሉ ስለ በጉ ስብ ሲያወራ እሷ ስለ ነርቭ ታወራለች። ነርቭ እንደ መብራት ሽቦ ልባስ አለው አለችን፤ ሰውነትን የሚጠብቀው ዘበኛ ጠላት መስሎት የራሱን ቤት ሽቦ መላጥ ሲጀምር ያ ነው በሽታው። «እኛ አገር የለም ይላሉ። የለም አይደለም፣ ጠያቂ የለም» ትላለች። ለዚህ ነው አገር ለአገር እየዞረች የምታጠናው። ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ መዶሻ አለች። ማንን ልትመታ ነው እያልን ስቀናል።

ትምጣና ትያት ተባለ። እንደ ዕድላችን በዚያው ቀን የኡመር አክስት እቴ ዘሀራ የሙሽራዋን ልብስ ይዘው ከባቲ ከች አሉ! ሳሎን አስቀመጥናቸው። በእሳቸውና በእኛ መሀል አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እቴ ዘሀራ ደግሞ ባቲ ተቀምጠው ከሚሴ የወደቀ ማንኪያ የሚሰሙ ሴት ናቸው።

ዘይነባ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። «ታማለች ከተባለ ኒካው ቀረ። እሳቸው ሰምተው ዝም አይሉም» አለችኝ። በዋዜማው ዶክተር ነጂያት ጎረቤታችንን ስትመረምር አይታለች፤ ዓይን አስጨፍና የእግርን አውራ ጣት ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እያደረገች «የት ነው?» ትላለች። ዘይነባ ማወቅ አልቻለችም። ብቻዋን ጓዳ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን በር ላይ ገፋ ገፋ እያደረገች ሞክራዋለች፣ አልቻለችም። «አንቺ በፈተና ተይዘሽ አታውቂም። በአላህ ሀያትዬ፣ ሕይወቴ ነው» አለችኝ። ታላቅ እህቴ እኔን ስትለምን! እምቢ ልበል? አንድ ሳል ላይ፣ ሁለት ሳል ታች ብለን ተስማማን።

ምርመራው፣ ለመጋረጃው ሲባል፣ በሹክሹክታ ተጀመረ። እኔ ከዶክተሯ ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዘይነባ ፍራሹ ላይ ተኝታ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ ወደ ላይ ሄደ። እህ! «ላይ» አለች። ወደ ታች ወረደ። እህ እህ! «ታች።» አንድም አልሳትንም። እማ ፊቷ እየበራ ሄደ። መጋረጃው ማዶ የእቴ ዘሀራ የሻይ ብርጭቆ ቀጭ ይላል። ለሂሳብ ፈተና እንኳን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ዶክተር ነጂያት የዘይነባን እግር ለቀቀችና ከቦርሳዋ ሌላ ዕቃ ልትፈልግ ዞረች። በቃ አለፍን ብዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ያ የተረገመ የወይባ ጢስ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ኖሮ ቀጥታ ጉሮሮዬ ገባ። እህ! ያዝኩት። እህ እህ! አልያዝ አለኝ። አፌን በሻርፔ አፈንኩት፣ ባሰ። ዘይነባ ምስኪን ዓይኗን እንደጨፈነች «ላይ! ታች! ላይ! ላይ! ታች!» ትላለች፤ እግሯን የነካው ሰው የለም።

እማ አፏን ከፍታ ቀረች። ዶክተር ነጂያት ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አስረኛ አልኳት። «የፈታኞቻችሁን ጆሮ ማየት አለብኝ» አለች። አልሳቀችም። ነይ ተንበርከኪ አለችኝና የዘይነባን አውራ ጣት ከግራና ከቀኝ አስያዘችኝ። አንቺ አንቀሳቅሺው፣ እንዳትስዪ አለችኝ። ወደ ላይ አደረግሁት። ዝም። ወደ ታች። ዝም። እንደገና ወደ ላይ።

ዘይነባ «ሀያት፣ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ።

ለዚህ የሚሆን ሳል አልነበረኝም።

ዶክተሯ ስለ ዓይኗ ጠየቀቻት። አምና ግራ ዓይኗ አንድ ወር ሙሉ በቆሸሸ መስታወት እንደሚያይ ሆኖ፣ ስታንቀሳቅሰው እያመማት፣ በራሱ ተሻላት። እኛ አቧራ ነው ብለን ነበር። ይሄ በሽታ እንዲህ ነው አለች፣ መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ሰው አልሀምዱሊላህ ብሎ ይረሳዋል፤ እሱ ግን አይረሳም። በሽታውን ወይባው አላመጣባትም፤ ሙቀት የተላጠውን ሽቦ አድክሞት ነው የወደቀችው። አዲስ አበባ ሄዳ ጭንቅላቷን በኤምአርአይ መታየት አለባት። እሱ ነው ከተባለ የሚያዘገየው መድኃኒት አለ፣ ትዳርም ልጅም ይቻላል። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጎበዝ ነሽ። ጢሱ ባይዝሽ ኖሮ አሳልፈሻት እኔም ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለስ ነበር» አለችኝ። ዱላ ይሻለኝ ነበር።

ለኡመር ማን ይንገረው? ዶክተሯ «አካሉ ያንቺ ነው፣ የምትነግሪውን አንቺ ምረጪ» ብላት ወጣች። ዘይነባ ጓዳ ገብታ ደወለች። እኔም ጆሮዬን አብሬ ደቀንኩ፤ ምን ታደርጉ ነበር እናንተ? ሁሉንም ነገረችው፣ ሳሉንም ጭምር።  ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልሄደም።

«ሙቀት አይስማማሽም ነው የምትለው?» አለ በመጨረሻ። አዎ አለችው። «ባቲ ደግሞ እሳት ነው» አለ። አለቀ አልኩ በልቤ። ጣቶቿ እጄን ሊሰብሩት ደረሱ። «እንግዲያ ደሴ ቤት ልፈልግ» አለ። «ሰኞ ሰኞ ለገበያው ወርጄ እመለሳለሁ።»

ዘይነባ አፏን አፍና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጢስ ነው።

ኒካው በቀኑ ታሰረ። ኤምአርአዩም ዶክተሯ ያለችውን አለ፣ መድኃኒቱም ተጀመረ። ዘይነባ አሁን ደሴ ሹራብ ደርባ ብርዱን ትራገማለች።

እቴ ዘሀራስ? እኛ ቃሉን ሁሉ በሹክሹክታ ስለተነጋገርን ከመጋረጃው ማዶ የሰሙት ሳል ብቻ ነው። ሐኪም መጣ፣ ልጅት አሰቃቂ ሳል ሳለች፣ እናት ደንግጣ ወጣች፣ ሙሽራው ሚስቱን ከከሚሴም ከባቲም አሸሽቶ ደሴ ወሰዳት። ደመሩት። «ምስኪን ኡመር፣ ሙሽራዋን ከእህቷ ቲቢ ለማትረፍ አገር ቀየረ» ብለው ለገበያው በሙሉ አዳረሱት።

አሁን ባጃጅ ስሳፈር አጠገቤ ያለው ሰው አየር እንዲገባ የባጃጁን መጋረጃ ይገልጣል። ሦስት ቤት ጥቁር አዝሙድ በማር ልከውልኛል። አንዷማ መንገድ ላይ አስቁማኝ በኦሮምኛ ጀምራ «ማል ታቴ ኢንተለ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ብላ አለቀሰችልኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ወፍሬ ነበር! እንዳላስተባብል የእህቴ ምስጢር ነው። ቻልኩት። ትናንት ግን ዘይነባ ራሷ ደውላ «ተናገሪው፣ እግሬ ነው የደነዘዘው እንጂ ምላስሽ አይደለም» አለችኝ።

ስለዚህ የሰማችሁ ሁሉ ላልሰማው አዳርሱልኝ። የታመመችው ዘይነባ ናት፣ እየታከመች ነው፤ እኔ ጤነኛ ነኝ። በባቲ የምታልፉ ለእቴ ዘሀራም ንገሩልኝ። ስትነግሯቸው ብቻ፣ በአላህ፣ ጉሮሯችሁን እንዳትጠርጉ።